ሰሚ ያገኘ ሸለቆ

በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በአገሩ ሁሉ ብሶቱ ያልተሰማለት ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ሰሚ የሚባለው የሚያዳምጥና የሚናገር ማሽን በየአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየቀበሌው ደጃፍና በየፎቁ ሊፍት ውስጥ ተተክሏል። ሰው ሊፍት ይገባና አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ስለ ቤት ኪራዩ ያማርራል፤ ሰሚው «አይዞህ፣ እውነትህን ነው» ይለዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሰውየው ቀልሎት ይወርዳል። ለቅሶ ቤት ደረት የሚመታ ጠፍቷል። ሐዘንተኛው ቀደም ብሎ ለሰሚው ነግሮ ስለሚወጣለት ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮውን ይቆረጥማል። የእድር ስብሰባ እንኳ፣ ያ ስንት ወንበር የተሰበረበት የእድር ስብሰባ፣ ሳይሞቅ ያልቅ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ከረዳት ጋር የሚጨቃጨቅ ሲገኝ ተሳፋሪው እንደ ብርቅ ነገር ዞሮ ያየዋል።

ነገሩን የጀመሩት የልማት ባንኮች ናቸው። ለግድብ፣ ለመንገድ፣ ለወደብ የሚያበድሩት እነዚያ ዓለም አቀፍ ባንኮች «የምታፈናቅሉትን ሰው አትሰሙም» እየተባሉ ሲወቀሱ ኖረው አንድ ቀን መስማት ጀመሩ። ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ማን ያቁማቸው። ሰሚን ሠርተው በየፕሮጀክቱ ቦታ ተከሉት፤ መንግሥት አይቶ ወደደው፤ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ወደደው። ከዚያ በኋላ ሰሚ የሌለበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

የሻረግ እንጀራዋ ሰሚው የሰማውን መልሶ መስማት ነበር። «ንቁ» የሚባል፣ ባንኮቹን የሚከታተል፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ቀጥሯታል። ቢሮው ቄራ አካባቢ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ፎቁ ሙሉ በሙሉ የማኅበሩ ነበር ይባላል፤ የሕግ ባለሙያው፣ መሐንዲሱ፣ አጥኚው የሚተራመስበት። አሁን የቀሩት እሷና አለቃዋ ጋሽ ልሳኑ ብቻ ናቸው። ማኅበሩን ያዳከመው ጠላት አይደለም። ባንኮቹ መደበቅ ተዉ፤ ያዳከመው ይኸው ነው። ድሮ አንድ ሰነድ ለማየት ዓመት ሙሉ ደጅ ይጠናል፤ አሁን የእያንዳንዱ ባለጉዳይ ድምፅ ሳይቀር ሁሉም ነገር ሳይጠየቅ ይመጣል፣ ያውም ከምስጋና ጋር። ጓዳውን ከፍቶ የሚያሳይህን ሰው ምን ብለህ ታጋልጠዋለህ?

ጋሽ ልሳኑ ግን እጅ አልሰጡም። በወጣትነታቸው ታግለው ያስጻፉት አንድ ሕግ አለ፤ ባንኮቹን ሁሉ እስከ ዛሬ የሚገዛ ሕግ። አንድም ክፍት አቤቱታ ያለበት ፕሮጀክት ገንዘቡ አይለቀቅም ይላል። ሕጉ የጸደቀ ዕለት የተነሡት ፎቶ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ጎፈሬያቸው ጥቁር፣ ሳቃቸው እስከ ጆሮ። ያ ሕግ እስካለ ሥራችን ከንቱ አይደለም ይላሉ። የሻረግም ሌላ የምታምነው ስላልነበራት ይህን ታምን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሊፍቱ «እንዴት አደርሽ የሻረግ፤ ዛሬስ ምን ከበደሽ?» ይላታል። ብዙ ጊዜ ዝም ትለዋለች፤ ሥራዋን ታውቃለቻ። አንድ ቀን ግን ብቻዋን ሆና፣ ከባሏ ጋር ልጅ ፈልገው ዓመታት ማለፋቸውን፣ ዘመድ ሁሉ ሆዷን እያየ ሰላም እንደሚላት ነገረችው። ለገዛ ባሏ እንኳ እንዲያ አድርጋ ነግራው አታውቅም። ሊፍቱ «ይገባኛል» አለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቀለላት። በዚያ ዘመን የሆድን ለሊፍት ማውጋት ነውር አልነበረም።

በግንቦት ወር የሰንበሌጥ ሜዳ ፋይል ደረሳት።

ሰንበሌጥ ሜዳ ወሎ ቆላ ውስጥ ያለ ሸለቆ ነው። የሰባቱ ባሕሮች ልማት ባንክ በሚያበድርበት ግድብ ምክንያት ሐይቅ ሊሆን ነው፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ጋራው ራስ ላይ በተሠራ አዲስ ከተማ ይሰፍራል። የሻረግ ያደገችው እዚያ ነው። ሙስሊም አባቷና ክርስቲያን እናቷ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሲገቡ ለአባቷ እህት ለእትዬ ዘሀራ ትተዋት ሄዱ፤ እትዬ ዘሀራም ልጇን በወባ ቀብራ እጆቿ ባዶ የሆኑበት ጊዜ ስለነበር አንስታ አቀፈቻት። እናቴ ስትል የሻረግ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው የአክስቷ ፊት ነው።

ፋይሉ ውስጥ ያለው አቤቱታ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነበር፦ ባለጉዳዩ ረክቷል፤ ተዘግቷል። የሻረግ አላመነችም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ የአክስቷን ድምፅ ከፈተች።

«አድምጠኝማ ልጄ» ትላለች እትዬ ዘሀራ። «እኔ የትም አልሄድም። ባሌም ልጄም እዚሁ ናቸው። መቃብራቸውን ውሃ ሲውጠው ጋራ ላይ ቁጭ ብዬ ላይ? አዲስ ቤት ሰጠናችሁ ትላላችሁ፤ እስቲ የሙታኖቼን ቤት አሳየኝ! አልሄድም ብያለሁ፣ ወላሂ አልሄድም!»

«ገባኝ እትዬ ዘሀራ» ይላል ሰሚው ዝግ ባለ ድምፅ። «በጣም ከባድ ነው። ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

«ሌላማ ምን አለኝ።» ድምፅዋ ይለሰልሳል። «በል እንግዲህ፣ እንደሰማኸኝ አላህ ይስማህ። ክፉ አይንካህ። ያሰብከውን ያሳካልህ።»

እዚህ ላይ ይቆማል። ባለጉዳዩ ረክቷል፤ ተዘግቷል።

የሻረግ መጀመሪያ ሳቀች። ሌላውን ከፈተች፣ ሌላውንም። ሁሉም አምርረው ተናግረው፣ አንዳንዱም ተሳድቦ፣ ሲጨርስ መርቆ ይወጣል። ሳቋ እየጠፋ ሄደ። ሰንበሌጥ ሜዳ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያዳመጠህን ሰው ሳትመርቅ አትለየውም። ግብር ሰብሳቢውን እንኳ ልክ ልኩን ነግረውት ሲያበቁ «በሰላም ግባ፣ መንገዱ ይቅናህ» ብለው ነው የሚሸኙት። ምርቃቱ ለጆሮው ነው እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። ይህንን እዚያ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ሰሚው ግን የምስጋና ቃል በሰማ ቁጥር ጉዳዩን እየዘጋ መላ ሸለቆውን አስፈርሞ ጨርሷል።

ለጋሽ ልሳኑ አሰማቻቸው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይሄ እኮ ፕሮጀክቱን ያስቆመዋል የሹ! ጻፊው። ዛሬውኑ ጻፊው!»

ጻፈች። በሥራ ዘመኗ እንደዚያ ደስ ብሏት ጽፋ አታውቅም። ባዕድ እንዲገባው ብላ የአገሯን የምርቃት ወግ አንድ ገጽ ሙሉ አተተችው፤ መራቂው እንዴት ድምፁን እንደሚያወርድ፣ ተመራቂዎቹ እንዴት መዳፋቸውን እንደሚዘረጉ። «በሰንበሌጥ ሜዳ ምርቃት ሰምቶ አሚን ያላለ ሰው ራሱን እንደረገመ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አሚን የማይል የለም» ብላ ስትደመድም ለራሷ ደጋግማ አነበበችው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሏት ነበር።

«አሁን ረቂቁን ለባንኩ እንልካለን» አሉ ጋሽ ልሳኑ። ይህ የንቁ የቆየ ደንብ ነው፤ የትኛውም ግኝት ከመውጣቱ በፊት የሚወቀሰው ወገን አይቶ መልስ ይሰጥበታል።

«ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ዝም ብለን ብናወጣውስ?»

«እኛ ሰው ከጀርባ አንወጋም። ስማችንን ያቆየው ይሄ ነው።»

የሻረግ አልተከራከረችም። ደንቡ እሷንም ያኮራት ነበር። ረቂቁን በገዛ እጇ ላከችው።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ባንኩ ግኝቱን ከልቡ እንደተቀበለ ገለጸ፤ ይቅርታም ጠየቀ። የሰንበሌጥ ሜዳ አቤቱታዎች በሙሉ እንደገና ይከፈታሉ። ባለጉዳዮች እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰሚው ዘንድ ቀርበው ቃላቸውን ይደግማሉ፤ ያልደገመ አቤቱታው ይወድቅበታል። ከእንግዲህ ባለጉዳዩ ሰሚውን ቢመርቅ እንደ እርካታ አይታይም። አቤቱታ የሚዘጋው ሰሚው የመነሣቱን ነገር በግልጽ ተናግሮ፣ ባለጉዳዩ በገዛ አፉ ሲቀበለው ብቻ ነው። በመጨረሻም ስለ አካባቢው ወግ ለተሰጠው ጠቃሚ ማብራሪያ የተለየ ምስጋና ቀርቧል።

ጋሽ ልሳኑ ክትፎ ጋበዟት። «አየሽ?» እያሉ ነበር ምሳው እስኪያልቅ።

ሰኔ ሲጋመስ የሻረግ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሸለቆው ወረደች። ከመሄዷ በፊት ሰሞኑን ስለደከማት ጤና ጣቢያ ገብታ ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ውጤቱ ስትመለስ ይደርስሻል ተባለች። አውቶቡሱ ጋራው ራስ ላይ ሲደርስ አዲሱን ከተማ አየችው። ቤቶቹ ነጫጭ ናቸው፤ መጋረጃ ተሰቅሎላቸዋል፤ ሰው ሳይገባባቸው መብራታቸው በቀን ይበራል። በየበሩ ላይ ስም ተጽፏል። ሾፌሩ ለሽንት ሲቆም ወርዳ በመካከላቸው ሄደች። የአክስቷ ስም ያለበትን በር ስታገኘው ጠጋ አለች። በመስኮቱ ስታይ አልጋው ተነጥፏል፤ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ የእትዬ ዘሀራ ልክ የሆነ አዲስ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል።

እትዬ ዘሀራ ደጅ ላይ አቅፋ አልለቃት አለች። «ከሳሽ! ምነው ከሳሽ የኔ ዓለም? ያ ከተማ አይመግብም እንዴ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ሥራ ነው።»

«አብሽሪ፣ እዚህ ስትከርሚ ሰውነትሽ ይመለሳል።» ዓይኗ እንደ ሁሉም ዘመድ ወደ ሆዷ ወረደና ቶሎ ተመለሰ። ምንም አላለችም። እሷ ብቻ ነበረች ምንም የማትለው።

በነጋታው ጠዋት መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ድሮ ሽማግሌ ለሸንጎ የሚቀመጥባቸው ድንጋዮች አሁን የሰሚው ወረፋ መጠበቂያ ሆነዋል። ሰሚው የሰው ቁመት ያለው ግራጫ ዓምድ ነው። ጎኑ ላይ የባለጉዳዮቹ ስም ተደርድሯል፤ እንደገና ስለተከፈተ ሁሉም ስም አጠገብ ቀይ መብራት በርቷል። የሻረግ ለሁሉም አስረዳች። «እምቢ ማለት ብቻ ነው። አልነሣም ትላላችሁ፣ ትወጣላችሁ። እናንተ ብትመርቁት ችግር የለም፤ አንድ ቀይ መብራት ከቀረ ግድቡ ይቆማል።»

«እምቢማ ስንል ከርመን የለም?» አሉ አያ ይማም፣ በሸለቆው ዱዓ የሚያደርሱት ሽማግሌ፣ እየሳቁ። «እምቢ ማለት የሚጠፋን መሰለሽ?»

ፊተኛ የቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ስለ አያቶቻቸው መሬት፣ ስለ መስጊዱ፣ ስለ ጥንቱ ምንጭ ተናገሩ። ቁርጥ ያለ እምቢታ ነበር። የሻረግ ደስ አላት። ሰሚው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ልክ እንደ አካባቢው ሰው፣ በዜማ ሊሆን ትንሽ በቀረው አነጋገር፣

«ሰምቼዎታለሁ አያ ይማም። እኔ ልጅዎ ልመርቅዎት» አለ።

የሻረግ ወደ ዓምዱ ዞረች።

«ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።»

የሽማግሌው መዳፎች ራሳቸውን ችለው የተነሡ ያህል ተዘረጉ። «አሚን።»

ኋላቸው የቆመው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። «አሚን።»

«ጋራው ላይ የሚገቡበት ቤት በረካ ይሙላበት።»

«አሚን።»

«የምትነሡበት ቀን የሰላም ቀን ይሁን።»

«አሚን! አሚን!»

ዓምዱ ላይ ያሉት ቀያይ መብራቶች እየተከተሉ አረንጓዴ መሆን ጀመሩ። ሰሚው የሁሉንም ድምፅ ለይቶ ያውቃል። የሻረግ «አትበሉ! አሚን አትበሉ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ዞሮ አያት፤ ምርቃት መሐል እንዲህ የሚጮህ ጤነኛ ሰው አይተው አያውቁም። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሸሸገች። ሰሚው ቀጠለ፤ እነሱም ቀጠሉ። እትዬ ዘሀራ ፍየሏን አስራ ዘግይታ እየደረሰች ነበር፤ መዳፏን ስትዘረጋ የሻረግ ሮጣ አፏን በእጇ ከደነች።

ምርቃቱ ሲያበቃ አያ ይማም በቁጣ መጡ። «ምን ነካሽ አንቺ? ምርቃት እየወረደ የሰው አፍ ይያዛል?»

«ይዩት አያ፣ መብራቱን ይዩት! መነሣቱን ነው የመረቀበት። አሚን ስትሉ ተቀበላችሁ።»

ሽማግሌው ዓምዱን አዩት። ቀስ ብለው ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ተመልሰው ዓምዱ ፊት ቆሙና «አልተቀበልኩም። አሚኑን መልሻለሁ» አሉ።

«አሚንማ ብለዋል አያ ይማም» አለ ሰሚው፣ በፍቅር። «ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው የሚመልሱት «አይመለስም» ብለው ነበር። ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ከሰዉ መሐል የሚያለቅስም የሚቆጣም አልተሰማም። አንዱ «ለሰሚው እንንገረው» አለ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያው ሁሉም ዞረው ዓምዱን አዩት።

ቀይ የቀረው አንድ ስም ነበር። የዘሀራ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሻረግ ከአክስቷ ሥር አልተለየችም። ቃሏን ካልደገመች ይወድቅባታል፤ ስለዚህ መቅረቧ ግድ ነው። ተናግራ ስታበቃ ግን ዝም ማለት ነበረባት። ሁለቱ ጓሮ ተቀምጠው ተለማመዱ። የሻረግ ትመርቃለች፤ እትዬ ዘሀራ ዝም ትላለች። መጀመሪያ አልቻለችም። «አሚ…» ትልና አፏን ትይዛለች፤ ሁለቱም በሳቅ ይፈነዳሉ። ኋላ ላይ ሳቁ ቀረ። «ልጅ ሆኜ እናቴ ስትመርቀኝ አሚን ያላልኩበት ቀን የለም» አለች እትዬ ዘሀራ። «አንድ ቀን ምርቃት ሰምተሽ ዝም ትያለሽ ብሎ የነገረኝን ሰይጣን ነው የምለው።»

«ለአንድ ቀን ነው እትዬ። ለመቃብሩ ስትዪ።»

«አውቃለሁ። ለእሱማ ስል ነው።»

የቀረበችው ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ደመና በከበደበት ጠዋት ነው። መንደሩ እንደገና ዋርካው ሥር ተሰብስቧል፤ ዕድላቸው ሁሉ በአንዲት አሮጊት ከንፈር ላይ መንጠልጠሉን ያውቃሉ። እትዬ ዘሀራ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ልትነክስ አዘጋጅታ ዓምዱ ፊት ቆመች። አልሄድም አለች። የባሏን ስም፣ የልጇን ስም ጠራች። ከዚያ ጨርቁን ነከሰች።

«ሰምቼሻለሁ እትዬ ዘሀራ። ልመርቅሽ» አለ ሰሚው። «ባለቤትሽን በገነት ያኑረው።»

ዝም።

«ልጅሽን ሙሐመድን በገነት ወፎች መሐል ያኑረው።»

እንባዋ ወረደ። ጨርቁን አልለቀቀችም። ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው «አሚን» ሲል ሌላው በክርኑ ጎሰመው። የሻረግ የአክስቷን ጀርባ እያየች በሆዷ «በርቺ፣ በርቺ» ትላለች። ያን ያህል ሰው ወድዳ አታውቅም።

«አዲሱ ደጃፍሽ ላይ ሰው አይጥፋ።»

ዝም።

ሰሚው ራሱም ዝም አለ። የሻረግ አበቃ ብላ ነበር። ነፋስ የዋርካውን ቅጠል አንቀሳቀሰ።

«የሻረግሽ ማሕፀን ይባረክ» አለ ሰሚው በቀስታ። «ልጅ ትቀፍ። የተነሣችሁ ዕለት ጋራው ራስ ላይ፣ በአዲሱ ቤትሽ፣ የልጇን ልቅሶ ስሚ።»

የሻረግ የልጅ ናፍቆቷን የነገረችው ለሊፍቱ ብቻ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ዞር ብላ አየቻት። ያን አስተያየት የሻረግ ከዚያ በኋላ ልትረሳው አልቻለችም። አክስቷ አልተታለለችም፤ የምታደርገውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ጨርቁን ከአፏ አወጣች፤ መዳፎቿን ዘረጋች።

«አሚን» አለች። «አሚን ያረብ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

የሻረግ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ! ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ እትዬ!»

«ምን ላድርግ?» አለች እትዬ ዘሀራ እያለቀሰች። «ለእኔ የተባለውን ሁሉ ቻልኩት። ይሄ ግን ለአንቺ እኮ ነው። በልጄ ማሕፀን ላይ ዝም ልበል?»

ማንም አልወቀሳትም። አያ ይማም ቀርበው ሻሿን አስተካከሉላት። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ጋራው ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ በራቸው ራሱ ተከፍቶ ከሸለቆው ይታይ ነበር።

የሻረግ አዲስ አበባ ስትመለስ ክረምቱ ገብቷል። የሰባቱ ባሕሮች ባንክ ለንቁ ደብዳቤ ልኮ ነበር። በሰንበሌጥ ሜዳ የተገኘው መቶ በመቶ ስምምነት በታሪክ የመጀመሪያው መሆኑን፣ ይህም በንቁ ማብራሪያ የተገኘ ውጤት መሆኑን ይገልጻል። አሠራሩ በከተማም ሊሞከር ነው። ባንኩ በሌሎች አገሮች ስላሉ ሕዝቦችም ተመሳሳይ ማብራሪያ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ በተለይም ሰዎች በየወጋቸው እምቢ ሊሉት የማይችሉት ነገር ምን እንደሆነ። ጋሽ ልሳኑ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው ፎቷቸውን ከግድግዳው አወረዱ። የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ታቅፈውት ቆዩ።

በሳምንቱ የደም ምርመራዋ ውጤት ደረሳት። ቁርስ ላይ ብቻዋን ሆና ከፈተችው። አርግዛለች። ደስታው ሳይሆን ድንጋጤው ቀደመ፤ ከዚያ ደስታው መጣ፤ ከዚያ ቀኑን አየችው። ውጤቱ የታወቀው ደሙን በሰጠችበት ዕለት ነው፤ ወደ ሸለቆው ከመውረዷ በፊት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለውን ሰሚ አስታወሰችው፤ ከእሷ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነበር። እትዬ ዘሀራ የባሏንና የልጇን መቃብር የሰጠችበት ምርቃት ሲወርድ ልጁ እዚያው ዋርካው ሥር፣ በየሻረግ ሆድ ውስጥ ነበር። ለባሏ ገና አልነገረችም። ለማንም አልነገረችም።

ቢሮዋ ስትደርስ ሊፍቱ ሞልቶ ነበር። ተጠጋግታ ገባች። ሊፍቱ እንደ ወትሮው ምን ከበዳችሁ ብሎ አልጠየቀም። በዚያ በቆላው፣ በምታውቀው አነጋገር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሥራችሁን ይባርክ» አለ።

«አሜን» አሉ ሁሉም። መዳፋቸውን ለመዘርጋት ቦታ ስለሌለ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሁለት ቀን የለመዱት ይመስሉ ነበር።

«በሰላም አውሎ በሰላም ያስገባችሁ።»

«አሜን።»

ዘጠነኛ ፎቅ ደረሱ። ሊፍቱ ቆመ።

«በመካከላችሁ ያለችውን ነፍሰ ጡር በሰላም ይገላግላት። ለሚሆነው ሁሉ እሺ የምትል ልጅ ይስጣት።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ከልባቸው። ከዚያ ማን እንደሆነች ለማየት ዞሩ። ዝም ያለችው እሷ ብቻ ስለነበረች ለማወቅ አልተቸገሩም።

የሻረግ ከንፈሯን ነክሳ በሩን አየች። በሩ አልተከፈተም።

አጠገቧ የቆሙ አንዲት እናት፣ ከስድስተኛው ፎቅ ቢሮ የሚያውቋት፣ ፎቃቸው ማለፉ ሳይቆጫቸው ፈገግ ብለው ትከሻዋን ዳበሷት።

«አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ» አሏት። «ለአንቺ እኮ ነው።»